ማግ ያልገባበት አራት ጣት

ኅዳር 11 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት፣ ወይዘሮ እታገኝ ገብረአማኑኤል አምቦ በሚገኘው ቤቷ እንደተኛች አርፋ ስትገኝ፣ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ቡሉኮ ተዘርግቶ ነበር። ቡሉኮው ከዳር እስከ ዳር ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ ነው፤ ከአንድ ቦታ በቀር። ከላይኛው ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ወረድ ብሎ፣ አራት ጣት ስፋት ያለው ቦታ ላይ ድሩ ብቻ ቀርቷል፤ ማግ የለበትም። እጅ ቢሰዱበት ወዲያ ያልፋል። ከክፍቱ ጥግ ክር ያልገባባት ወፍራም መርፌ ተሰክታለች። ያ ቦታ እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው።

እታገኝ በ1947 ዓ.ም. እዚያው አምቦ ተወለደች። አያቶቿ ከሰሜን ሸዋ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። በከተማው ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት በታይፒስትነት ሠርታ በ2002 ጡረታ ወጣች። አብረዋት የሠሩ ሰዎች ስለ እሷ ሲያነሡ ሁሉም የሚያነሡት አንድ ነገር ነው፤ ከእታገኝ መኪና ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ወጥቶ አያውቅም። በገጹ የመጨረሻ መስመር ላይ አንዲት ፊደል ብትስት፣ ወረቀቱን ከነካርቦኑ አውጥታ ቀዳ፣ ከመጀመሪያው ትጀምር ነበር። አለቃዋ ደብዳቤው አስቸኳይ ነው፣ በእስክሪብቶ እናስተካክለዋለን ሲሏት፣ እሷ ስሟ ያለበት ወረቀት ተሰርዞ ከቢሮ እንደማይወጣ ትነግራቸውና መምታቷን ትቀጥላለች።

ቤቷ ስትገባ ደግሞ ቀጭን ፈታይ ነበረች። መፍተል ያስተማረቻት እናቷ ናት። የእታገኝን ፈትል ሸማኔዎች በዓይናቸው ይለዩት ነበር፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት፣ ሰው የፈተለው የማይመስል። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቷል። ልጅ አልወለደችም፤ የሟች እህቷን ልጅ ሀናን ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ አሳድጋ፣ አስተምራ፣ በከተማው ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ቤት ሥራ እስክትይዝ አድርሳታለች።

በአጥር የምትዋሰናት ጎረቤቷ ኡርጂ ናት። ኡርጂ ከጎጆ ከተማ መጥታ አምቦ ያገባች፣ ከትውልድ አገሯ የሚመጣውን ድንች ገበያ አጠገብ የምትሸጥ፣ የወንጌል አማኝ ሴት ናት። ባሏ ቀንዓ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ከወሩ ሃያውን ቀን መንገድ ላይ ነው። ያላቸው ልጅ አንድ ነው፤ ሮቤራ። ሮቤራ ሕፃን ሆኖ በአጥሩ ቀዳዳ እየሾለከ እታገኝ ግቢ ይገባ ነበር። እታገኝ ቤት ያመጣችውን የቢሮ ሥራ ስትመታ በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጥና፣ የጽሕፈት መኪናውን «የእትዬ ክላሽ» ይለው ነበር። እሷም ስቃ ታጫውተው ነበር፤ ሲያስቸግራት ቁልፎቹን ደርደር አድርጋ ትመታለት፣ እሱም ወድቆ ይሞትላት ነበር።

በሚያዝያ 2006 በከተማው ሁከት በተነሣ ጊዜ ሮቤራ የዐሥራ ስምንት ዓመት ተማሪ ነበር። ወደ ቤቱ ሲመለስ በጥይት ተመትቶ ሞተ። እታገኝ የጽሕፈት መኪናዋን በማዳበሪያ ጠቅልላ አልጋ ሥር ከተተችው። ከዚያ በኋላ ያወጣችበት ቀን አልተገኘም።

ድንኳኑ ሲነሣ፣ ከጎጆ የመጣው ዘመድ ሲመለስ፣ ቀንዓም ወደ መኪናው ሲሄድ፣ ኡርጂ ብቻዋን ቀረች። አትናገርም። ሰው ሲመጣ ትነሣለች፣ ሰው ሲሄድ ትቀመጣለች። እታገኝ ጠዋት ጠዋት ትሄድና አጠገቧ ትቀመጣለች፤ የምትለው ግን የላትም። በአምቦ ስትኖር ስልሳ ዓመት ሊሞላት ምንም ባይቀራት፣ ኦሮምኛዋ የገበያና የሰላምታ ነው፤ ስለ ሞተ ልጅ የሚነገር ቃል አልነበራትም። በአማርኛም ቢሆን አልነበራትም። ስለዚህ በዐሥራ ሰባተኛው ቀን እንዝርቷንና አንድ ስፌት ባዘቶ ይዛ ሄደች።

ይህ ነውር ነበር። ለቅሶ ቤት እጅ ሥራ አይያዝበትም፤ አርባው ሳይወጣ እንዝርት ማሾር ደግሞ ሐዘኑን እንደመናቅ ይቆጠራል። ሊያጽናኑ የመጡ ሴቶች አይተው ተንሾካሾኩ። አንዷ ውጭ ስትወጣ፣ ያልወለደች ሴት የልጅ ሞት ከጥጥ አይከብዳትም ማለቷ ለእታገኝ ደረሰ። እታገኝ በማግስቱም ስፌቷን ይዛ ሄደች።

በሃያ አንደኛው ቀን ኡርጂ እጇን ዘርግታ እንዝርቱን ወሰደች። ድሮ ጎጆ እያለች ለቡሉኮ ትፈትል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነክታው አታውቅም። እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሾረችው። ክሩ ወፍሮ ወጣ፣ ከዚያ ሳሳ፣ ከዚያ ተበጠሰ። ኡርጂ የተበጠሰውን ጫፍ ይዛ ቀረች።

«ተበጠሰ» አለች። ከሰው ጋር ስትነጋገር በሃያ አንድ ቀን ውስጥ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ፈትል ተበጥሶ ቀርቶ አያውቅም፣ ሃደ ሮቤራ» አለቻት እታገኝ፤ የሮቤራ እናት ማለቷ ነው። «ምራቅ ነክተሽ ከባዘቶው ጋር አገናኚው።»

ኡርጂ ጫፉን በምራቋ ነክታ ቀጠለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ፈተለች። ወጥቶ የተጠቀለለው ልቃቂት የሁለት ጡጫ ያህል ነበር፤ ክሩ አንዳንድ ቦታ እንደ ትንሽ ጣት የወፈረ፣ አንዳንድ ቦታ እንደ ፀጉር የሳሳ፣ ሁሉም ቦታ ጉጥ ጉጥ ያለ። የተቀጠለበት ቦታ ሁሉ ይታወቃል። ኡርጂ ልቃቂቱን ለእታገኝ ሰጥታ፣ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ፣ እኔ ቤት ካለ ሌት ተቀን እሱን ነው የማየው አለቻት። እታገኝ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው። በመስከረም ኡርጂ ወደ ድንቿ ተመለሰች።

ቀጣይዋ ባየሽ ነበረች። የባየሽ ባል እጃጂ አጠገብ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ሁለቱ ሴቶች ስፌቱን ይዘው አብረው ሄዱ። ባየሽ እንዝርቱን ስትቀበል፣ ባሌ በሕይወቱ ጋቢ ግዢልኝ እያለ ሲጨቀጭቀኝ ኖሮ አሁን ከሞተ በኋላ ልፈትል ነው ወይ ብላ እያለቀሰች ሳቀች። እንዲህ እያለ ሰባት ሆኑ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በእታገኝ በረንዳ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ኦርቶዶክስም ጴንጤም አሉ፣ ኦሮምኛውና አማርኛው ባንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገላበጣል። ወግ ቢጀመር ባይጀመር ግድ የለም፤ እጅ ሥራ ላይ ስለሆነ ዝምታው አያስጨንቅም። አንዷ ስታለቅስ ሌላዋ ዝም ብላ እንዝርቷን ተቀብላ ክሩን ትጠብቅላታለች። ከሁሉ ነገር እታገኝ የምትወደው ይህን ነበር።

ልቃቂቶቹን ባንድ ላይ አሸምነን ቡሉኮ እናውጣ ያለችው ባየሽ ናት። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ድሩ የጋራ ይሁን፤ ማጉ የየራሳቸው። በእያንዳንዷ ፈትል መጨረሻ ሸማኔው አንድ ጥቁር ክር ያሳልፍ፤ የማን ከየት እስከ የት እንደሆነ ይታወቅ። ሲያልቅ ቡሉኮው የማንም አይሁን፤ ሰፈር ውስጥ ሐዘን ሲደርስ፣ ድንኳኑ ሲነሣና ሰው ሲበተን ወደዚያ ቤት ይሂድ። ሐዘንተኛዋ ለብሳው ትተኛ፤ እጇ ሌሎች ያለፉበትን ያግኝ።

በ2010 ክረምት እታገኝ ሰባቱን ልቃቂት በዘንቢል ይዛ ሸማኔው ጉርሙ ዘንድ ሄደች። ጉርሙ ጉድጓዱ ውስጥ እንደተቀመጠ ልቃቂቶቹን ባንድ ባንድ ፈታ እያደረገ አያቸው። የኡርጂ ላይ ሲደርስ ቆመ። ይህን የፈተለችው ሴት ምን ሆና ነው ብሎ ጠየቀ። እታገኝ ነገረችው።

«ይህ ክር በቀሰም አይጠነጠንም፣ በመወርወሪያም አይሄድም» አላት ጉርሙ። «በእጄ እያሳለፍኩ እሠራዋለሁ። ይቆይብኝ እንጂ ይሆናል። ኩታ ቢሆን እምቢ እልሽ ነበር፤ ቡሉኮ ግን ይሸከማል።»

እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እታገኝ የሰጠችውን ሰጥታ ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር። ግን በዚያው ሳምንት ሀና መጣች። ዩኒቨርሲቲው ጥር ላይ የባህል ዕቃዎች ዐውደ ርእይ እንደሚያደርግ፣ የሴቶቹ ቡሉኮ ቢቀርብ እንግዶች እንደሚያዩት፣ ፎቶ እንደሚነሣና መዝገብ እንደሚከፈትለት በደስታ አወራች። ከአክስቷም የፈታዮቹን ስም ዝርዝር በተራ ተቀበለች። ዝርዝሩን ብቻ ተቀበለች፤ ክሩን አሳዪኝ አላለችም። መዝገብ ያዥ ዕቃውን ሳያይ ካርድ እንደማይጽፍ በትምህርት ቤት ተምራ ነበር፤ አክስቷ ግን እታገኝ ነበረች፣ የእታገኝ ዝርዝር ደግሞ ተሳስቶ አያውቅም።

ሀና ስትሄድ እታገኝ የኡርጂን ልቃቂት በሐሳቧ መልሳ አየችው። የሰው ዓይን ሲያርፍበት ታያት። ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ቆመው፣ ይህን ማን ፈተለው ሲሉ፣ የሐሙሷ በረንዳ ባለቤት፣ ቀጭን ፈታይ የተባለችው፣ አጠገቡ ቆማ። ኡርጂም ታፍራለች ብላ ለራሷ ነገረች። ለኡርጂ ስትል የምታደርገው መሰላት። ጉርሙ ዘንድ ተመልሳ ያንን ልቃቂት ወሰደች፤ ሦስት ሳምንት በራሷ እጅ በዚያው ክብደት ልክ ፈትላ፣ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለው ማግ ይዛለት ሄደች። ጉርሙ ተቀብሎ አያት።

የኡርጂን ክር አልጣለችውም። መጣልማ ኃጢአት ነው ብላ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ለሚሠሩት ሰጠቻቸው። ክሩ ተቆራርጦ ሰም ገባ። ከጧፉም የተወሰነውን ለራሷ ወስዳ፣ ሮቤራ ብላ እየጠራች አበራችው። ስታበራው አልቅሳለች። በዚያን ጊዜ የተሻለ ቦታ ያገኘችለት መስሏት ነበር።

ጥር 18 ቀን 2011 ቅዳሜ ሰባቱ ሴቶች ለባብሰው ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄዱ። ቡሉኮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አጠገቡ ሀና በሁለት ቋንቋ የጻፈችው ካርድ አለ፤ የመጀመሪያው መስመር «ኡርጂ፣ የሮቤራ እናት» ይላል። ባየሽ የራሷን ቦታ አግኝታ፣ ይኸው የኔ፣ እዚህ ጋ ንፍጤን ስጠርግ ነው የወፈረው እያለች ሁሉንም ታስቃለች። ኡርጂ ቁቤዋን ቀስ ብላ አነበበች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ቡሉኮው ላይ አኖረች። ዓይኗን ጨፈነች። ጣቶቿ ከጥቁሩ ክር እስከ ጥቁሩ ክር ሄዱ፤ ተመለሱ፤ ወደ ባየሽ ፈትል ወረዱና ጎርበጥ ያለውን ዳሰሱ፤ እንደገና ወደ ላይ ወጡ። ረጅም ጊዜ ፈለጉ።

ዓይኗን ስትከፍት እታገኝ አጠገቧ ነበረች።

«ቆንጆ ነው» አለች ኡርጂ።

ከሴቶቹ ጋር ፎቶ ተነሣች፣ አብራ በልታ አብራ ተመለሰች። በቀጣዩ ሐሙስ አልመጣችም። በሚቀጥለውም አልመጣችም።

ተጣልተው ቢሆን ይሻል ነበር። ኡርጂ ጠዋት ስትወጣ እታገኝን ካየች፣ አካም ቡልቴ እትዬ ብላ ሰላም ትላለች፤ ድንች ሲመጣላት መርጣ ትልክላታለች፤ እድር ላይ አጠገቧ ትቀመጣለች። ሐሙስ ብቻ አትመጣም። ባየሽ ሄዳ ብትጠይቃት ሥራ እንደበዛባት ነገረቻት። ቡሉኮው ከዐውደ ርእዩ ወጥቶ ሥራውን ጀመረ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ቤት ገባ። ለብሰውት የተኙ ሴቶች፣ ክሩ ያወራል፣ የሰው እጅ አለበት ይሉ ነበር። እታገኝ ይህን በሰማች ቁጥር ከላይ ያለውን አራት ጣት ታስባለች። እዚያ ላይ የሚያወራ የለም። እዚያ ላይ ያለው የእሷ የታይፕ ወረቀት ነው፤ ስርዝ ድልዝ የሌለበት።

በ2012 ኮሮና ሲመጣ ሐሙሱም ተቋረጠ። በዚያው ዓመት የእታገኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ በመድኃኒት እንደሚቀንስ፣ እንደማይጠፋ ነገራት። ልቧም ደክሟል አላት። እንዝርት ስታሾር ክሯ ይወፍርና ይሳሳል፤ ይበጠሳል። እሷም ጫፉን ይዛ ትቀራለች።

በነሐሴ 2013 አንድ ቀን ከሰዓት፣ ዝናቡ አባራ ሲል፣ ወደ ኡርጂ ቤት ሄደች። ኡርጂ ድንች ትለይ ነበር። እታገኝ ሳትቀመጥ ነገረቻት፤ ያደረገችውን፣ ለምን እንዳደረገችው፣ ክሩ የት እንደገባ። ለኡርጂ አስባ እንዳደረገችው የምትለውን ሰበብ በመንገድ ላይ አዘጋጅታው ነበር፤ አፏ ላይ ሲደርስ ተወችው።

ኡርጂ ድንቹን መለየቷን አላቆመችም። «እጄ ያን ቀን ነግሮኛል» አለች። ሌላ ድንች አንሥታ ጠየቀቻት፦ «ለማን አበራሽው?»

«ለሮቤራ።»

«ሮቤራ መብራት አልጠየቀም፣ እትዬ።»

እታገኝ ለመነቻት፤ እንደገና ብትፈትዪልኝ፣ የኔን አውጥቼ ያንቺን በመርፌ እሞላበታለሁ አለቻት። ኡርጂ በዚህን ጊዜ ቀና አለች። በቁጣ አልነበረም የተናገረችው፤ ለማያውቅ ሰው እንደሚያስረዱ ነበር።

«ያን ጊዜ እጄ የሚያደርገውን አላየውም ነበር። አሁን አየዋለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ቀጥ አድርጌ መፍተል ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ያን ክር አሁን ከየት አመጣልሻለሁ?»

እታገኝ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በዚያው ሳምንት ቡሉኮውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የራሷን ማግ ማውጣት ጀመረች። በመርፌ ጫፍ እያነሣች፣ በመቀስ እየቆረጠች፣ ድሩ እንዳይነካ። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ በቀን ሁለት ሦስት ክር ብቻ ታወጣ ነበር። ቡሉኮውን ሰው ሲፈልገው እንደዚያው ይሄዳል፤ ሲመለስ ትቀጥላለች። እስከ ፋሲካ ድረስ ወሰደባት። ያወጣችውን ቁርጥራጭ በፖስታ አድርጋ፣ በተንቀጠቀጠ እጅ «የእታገኝ ነው፤ የኡርጂ አይደለም» ብላ ጽፋ ለሀና ሰጠቻት። ካርዱንም አስተካክዪ አለቻት። ሀና አዲስ ካርድ እጽፋለሁ ብትል እሺ አላለችም።

«አትቅደጂው። ሰርዢውና በላዩ ጻፊ። ስርዙ ይታይ።»

ሀና ሰረዘችው። መዝገቡ ውስጥ ዛሬም አለ፤ ከአክስቷ ዝርዝር በተጻፈው ካርድ ላይ ያለው ብቸኛ ስርዝ እሱ ነው።

ክፍቱ ግን ክፍት ሆኖ ቀረ። በ2014 ክረምት ባየሽ እታገኝን ልትጠይቅ መጥታ፣ እንዝርቷ ላይ የተጠቀለለውን ክር አንሥታ ስታየው ሳቀች። እትዬ ቀጭን ፈታይ፣ ይህን ገመድ ለበሬ ነው ወይ የምትፈትዪው አለቻት። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ክሩን ወደ መስኮቱ አስጠግታ መልሳ አየችው።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ቁርጥ የኡርጂ ነው። ያው ነው እኮ። አንድ ልቃቂት ሙሉ አለሽ፤ ሙዪውና ይገላግልሽ። ማን ያውቃል?»

እታገኝ እውነቷን እንደሆነ ታየዋለች። ጉጡም፣ መሳሳቱም፣ የተቀጠለበትም ቦታ ያው ነው። ዓይን አይለየውም፤ ምናልባት የኡርጂ ጣትም አይለየው። መርፌው እጇ ላይ ነበር። ሕመሟ እየጸና እንደሄደ ታውቃለች፤ ያን ክፍት ትታ መሞት ደግሞ ከሁሉ በላይ የምትፈራው ነገር ነበር። ስትሞት የሚቀረው ሥራዋ እሱ ነው፤ የመጨረሻው ገጽ።

«አንድ ጊዜ ተክቼባታለሁ» አለች። «ሁለተኛ አልተካባትም። ክፍት ይቅር።»

ባየሽ ነገር ሆድ የሚያስቀምጥ ሴት አይደለችም። እታገኝ ያለችውን በዚያው ሳምንት ለኡርጂ አደረሰች፤ ልቃቂቱ ምን እንደሚመስልም፣ እታገኝ እንዴት እንደመለሰችላትም ጭምር። ኡርጂ ሰምታ ወደ ድንቿ ተመለሰች። መስከረምና ጥቅምት እንደዚያው አለፉ።

ኅዳር 9 ቀን ዓርብ ጠዋት ኡርጂ ወደ አጥሩ ቀረበች። እታገኝ ግቢዋ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እትዬ፣ ነገ ገበያ ትወጫለሽ?»

እታገኝ ገበያ መውጣት ካቆመች ወራት አልፏታል። እወጣለሁ አለች።

«ጥጥ ካየሽ ለኔም ግማሽ ኪሎ ያዢልኝ። የተዳመጠ አይሁን፤ ፍሬው ያልወጣለት ይሁን። ከመጀመሪያው ራሴ ነው የምሠራው።»

«እሺ» አለች እታገኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ኡርጂም አልነገረቻትም።

ቅዳሜ ኅዳር 10 ሀና ከሥራ ፈቃድ ወስዳ አብሬሽ ልሂድ ብትላት እምቢ አለች፤ የተላክሁት እኔ ነኝ አለቻት። ዘንቢሏን ይዛ፣ ሦስት ቦታ እያረፈች ገበያ ደረሰች። ጥጥ የሚሸጡት ሴቶች ያላቸው ሁሉ የተነደፈ፣ ለእንዝርት የተዘጋጀ ባዘቶ ነበር። በዚህ ዘመን ፍሬ የሚለቅም ማን አለ ብለው አሾፉባት፤ አንዷ በጥርስሽ ልትዳምጪው ነው ወይ እማማ አለቻት። አንዱን ረድፍ ጨርሳ ሌላውን ያዘች። በመጨረሻ ከእጃጂ በኩል የመጣ አንድ ሽማግሌ ከማሽላ ጆንያው ኋላ ትንሽ ከረጢት አወጣላት። ጥጡን ጨበጥ አድርጋ ፍሬው መኖሩን በጣቷ አረጋገጠች። ግማሽ ኪሎ አስመዘነች። ሚዛኑ ላይ ጎደል ያለ ስለመሰላት ሽማግሌውን አስጨምራ እንደገና አስመዘነች።

ኡርጂ ድንቿ አጠገብ ነበረች። እታገኝ ዘንቢሉን አስቀምጣ ጥጡን በሁለት እጇ አውጥታ ሰጠቻት፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ኡርጂ ከሥር ደግፋ ተቀበለቻት። ኡርጂ ጥጡን በጣቶቿ መሃል አድርጋ ዳሰሰችው።

«ፍሬው ብዙ ነው» አለች።

«ብዙ ነው» አለች እታገኝ።

ኡርጂ የተገለበጠ ሳጥን አቀረበችላትና እታገኝ ትንሽ አረፈች። ከዚያ ባዶ ዘንቢሏን አንሥታ ወደ ቤቷ ሄደች። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ገደማ ነበር፤ አርፋ የተገኘችው በማግስቱ ጠዋት ነው።